ወድቀው የሚመጡ አዛውንቶች ወንበር ላይ አይጠብቁ፦ ለሆስፒታል ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ለድንገተኛ ክፍል ኃላፊዎችና የሕክምና መመሪያ ለምታወጡ ሁሉ፤

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ሥራዬ በር ላይ ነው። የመጣውን ሰው አይቼና ለክቼ ማን አሁኑኑ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚጠብቅ እለያለሁ። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ በር ነው።

መኪና የገጨው ወጣት ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ ይነቃነቃል። ሐኪም ይሮጣል፣ ደም ይዘጋጃል፣ ለራጅ ክፍል ይደወላል። እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው። በዚያው ሰዓት አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት በልጃቸው ተደግፈው ይገባሉ። ምን ሆኑ ሲባል «ሌሊት ሽንት ቤት ሊሄዱ ሲነሡ ወደቁ» ይላል ልጃቸው። ደም አይታይም። ይናገራሉ። እንዲያውም «ደህና ነኝ፣ ሰው አታስቸግሩ» ይላሉ። ወንበር ይሰጣቸዋል፤ ይቀመጣሉ፤ ሰዓቱ ይነጉዳል።

የምለው አንድ ነገር ነው። እኚህ እናት ልክ እንደ ወጣቱ የአደጋ ጉዳተኛ ናቸው። እኛ በር ላይ የምንይዘው መለኪያ ግን በወጣት ሰውነት ልክ የተሰፋ ነው። የእሳቸውን ጉዳት አያሳየንም። መለኪያው ይቀየር።

ነገሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ አይደለም። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ሲሶ ያህሉ በየዓመቱ ይወድቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ ይላል። በብዛት የሚሞቱትም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ናቸው። በእንግሊዝና በዌልስ የከባድ አደጋ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2017 የወጣ ሪፖርት፣ አዛውንቶችን ለከባድ ጉዳት የሚዳርገው ዋና ምክንያት ከ2 ሜትር በታች ከሆነ ከፍታ መውደቅ መሆኑን አሳይቷል። ከፎቅ ወይም ከመሰላል አይደለም፤ ከቁመታቸው ልክ፣ ከአልጋ፣ ከወንበር ነው። እነዚሁ ሰዎች ከወጣቶቹ ዘግይተው እንደሚታዩ፣ ቶሎ የሚደርስላቸውም ልምድ ያለው ሐኪም እንዳልሆነ ያው ሪፖርት ይናገራል። የተደራጀ የአደጋ ሕክምና ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ሌላው ቦታ የተሻለ ነው ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

ከግፊት ልጀምር፤ በር ላይ የመጀመሪያው ቁጥር እሱ ነውና።

የብዙዎቻችን ልማድ የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ሲወርድ መደንገጥ ነው። ለሃያ አምስት ዓመት ወጣት ይሠራ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት በ160 ግፊት የኖሩ አዛውንት ግን 105 ሆነው ሲመጡ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ያማረ ይመስላል። ለእሳቸው ግን ትልቅ ውድቀት ነው። ኩላሊታቸውም አንጎላቸውም የለመዱት ደም እየደረሳቸው አይደለም። የልብ ምትም እንዲሁ ያታልላል። ወጣት ሰው ሲደማ ልቡ 130 ይመታል፤ እኛም እናየዋለን። አዛውንቱ ግን ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሕመም ቤታ ብሎከር የሚወስዱ ከሆነ፣ ሆዳቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ልባቸው በደቂቃ 75 ሊመታ ይችላል። መድኃኒቱ ልብን ይይዘዋል፤ ማስጠንቀቂያው ይደበቃል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ ጉዳተኞችን ገና በመንገድ ላይ ለመለየት የሚያገለግለው የ2011 መመሪያ፣ ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ ሰው የላይኛው ግፊቱ ከ110 በታች ከሆነ ሾክ (የሰውነት ክፍሎች በቂ ደም የማያገኙበት ሁኔታ) ሊሆን ይችላል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። የ2021 መመሪያ ደግሞ ይህንኑ ከዋና የአደጋ ምልክቶች መካከል አስገባው። ሌላም ጨመረ፦ የልብ ምቱ ቁጥር ከላይኛው ግፊት ቁጥር ከበለጠ አደጋ ነው። ይህን ለማየት አዲስ ማሽን አያስፈልግም። ሁለቱንም ቁጥሮች ሁልጊዜ እንለካቸዋለን። የሚያስፈልገው ቅጹ ላይ ያለውን 90 ሰርዞ፣ ለአዛውንቶች 110 ብሎ መጻፍ ነው። ለምን እስካሁን እንዳልተጻፈ አይገባኝም።

ሁለተኛው ጭንቅላት ነው። ዕድሜ ሲገፋ የአንጎል መጠን ትንሽ ይቀንሳል። በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ክፍተት ይሰፋል። እዚያ ክፍተት ላይ የሚያልፉት ቀጫጭን ደም መላሾች ተወጥረው ይኖራሉ፤ ቀላል ግጭት ይበጥሳቸዋል። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ደሙ የሚጠራቀምበት ቦታ ስላለው አንጎልን ወዲያው አይጫነውም። ስለዚህ ሰውየው ያወራሉ፣ ስማቸውን ይናገራሉ፣ ልጃቸውን ያውቃሉ። የንቃት መለኪያው ላይ ሙሉ 15 ያገኛሉ። ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ነው እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላቸው፣ አንድ እግራቸው የሚጎተተው፣ ነገር የሚጠፋባቸው። ያኔ ቤተሰብ «ጃጅተው ነው» ብሎ ይተወዋል። የወደቁበትን ቀን የሚያስታውስ የለም።

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ዋርፋሪን፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን፣ ክሎፒዶግሬል፣ አስፕሪን። ይህን ጥያቄ በር ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ካርድ ከማውጣት በፊት፣ መጠየቅ አለበት፦ «ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብዙዎች የመድኃኒቱን ስም አያውቁትም። «የልብ ክኒን» ይላሉ። ስለዚህ አስታማሚው ክኒኑን ከነማሸጊያው ይዞ እንዲመጣ መንገር፣ ካልያዘም ቤት ደውሎ እንዲያስነብብ ማድረግ ያስፈልጋል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ እየደማ ከሆነ ማርከሻ አለው፤ ቫይታሚን ኬ እና የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ይሰጡታል። ግን ማርከሻ የሚሰጠው መድማቱን ያወቀ ብቻ ነው። በ2001 የወጣው የካናዳ የጭንቅላት ሲቲ ስካን (የጭንቅላትን ውስጥ በራጅ የሚያሳይ ምርመራ) ደንብ፣ ጭንቅላቱን ተመቶ ራሱን የሳተ፣ የሆነውን የረሳ ወይም የተደናገረ ሰው ዕድሜው 65 ከደረሰ ዕድሜው ብቻውን ለሲቲ ስካን በቂ ምክንያት ነው ይላል። ደንቡ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱትን አላካተተም። ለእነሱ ጥንቃቄው ከዚህም ጠበቅ ማለት አለበት።

አንገትም አይረሳ። በዕድሜ የገፋ ሰው በግንባሩ ወድቆ የአንገቱን ሁለተኛ አጥንት ሊሰብር ይችላል፤ ሕመሙም ቀለል ያለ ሊሆን ይችላል። ጀርባቸው የጎበጠ አዛውንትን ግን በግድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አንጋሎ ማሰር ራሱ ጉዳት ያመጣል። ከጭንቅላታቸው ሥር ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጎ በለመዱት አቀማመጥ መያዝ ይሻላል። ከዚያም ከሰሌዳው ቶሎ ማውረድ። ስስ ቆዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቆስላል፤ የአልጋ ቁስል የሚጀምረው ዋርድ ሳይደርሱ እኛው ጋ ነው።

የጎድን አጥንትን በተመለከተ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የጎድን አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን በዕድሜ አነጻጸረ። ከ65 በላይ ከሆኑት 22 በመቶው ሞቱ፤ ከወጣቶቹ ደግሞ 10 በመቶው። በአዛውንቶቹ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ የተሰበረ አጥንት የመሞትን ዕድል በ19 በመቶ፣ የሳንባ ምችን ዕድል በ27 በመቶ ከፍ አደረገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያማቸዋል፤ ስለሚያማቸው በጥልቀት አይተነፍሱም፤ አክታቸውን ስለማይስሉት እዚያው ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይመጣል። ሦስትና አራት አጥንት የተሰበረባቸውን አዛውንት ማስታገሻ ክኒን ሰጥቶ ወደ ቤት መሸኘት አደገኛ ነው። ተኝተው ይታዩ፤ ሕመማቸው በደንብ ይታከም፤ ቁጭ ብለው እንዲተነፍሱና እንዲያስሉ የሚያግዝ ሰው ይኑር።

አሁን ወደ ዳሌ ስብራት ልምጣ። በጣም የሚያበሳጨኝ እዚህ ላይ ያለው ነው፤ ምክንያቱም መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል።

ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንት እግራቸው አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ይመጣሉ። ገና በሩ ላይ ስብራቱን መጠርጠር ይቻላል። ከዚያ መጠበቅ ይጀመራል። ለራጅ ወረፋ፣ ለአልጋ ወረፋ፣ ለልብ ምርመራ ወረፋ፣ ለኦፕራሲዮን ክፍል ወረፋ። «ነገ ይሠራሉ» ተብሎ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብም ውኃም ይከለከላሉ። ነገ ሌላ ድንገተኛ ይመጣና ተራቸው ይተላለፋል። ማታ ትንሽ ይበላሉ፣ እንደገና ይጾማሉ። በዚህ መሀል ሰውየው ይደርቃሉ፣ ይደክማሉ፣ ይደናገራሉ። ብዙ ቦታ ንጹሕ ውኃ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ 2 ሰዓት በፊት ድረስ መጠጣት እንደሚቻል መመሪያ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ጠምቷቸው ማደራቸው ምንም አይጠቅማቸውም።

ከዳሌ ስብራት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአራት ወይም ከአምስት ሰዎች አንዱ ይሞታል። ከተረፉት ብዙዎቹ እንደ ድሮው አይራመዱም። ኦፕራሲዮኑ በ24 ወይም ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሠራ የሚለው ምክር ለዚህ ነው። በ2020 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ከዚያም አፍጥኖ በ6 ሰዓት ውስጥ ለመሥራት ሞከረ። ሞት አልቀነሰም። ግን ቶሎ የተሠራላቸው ሰዎች ብዙ አልተደናገሩም፤ ቶሎ ተነሥተውም ቆሙ። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የአጥንት ሐኪምና የአዛውንት ሐኪም አንድ ላይ ሆነው ሕመምተኛውን እንዲያዩ ማድረግም የቆየ ሐሳብ ነው። ሄስቲንግስ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የተጀመረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግሊዝ ይህን በአገር ደረጃ ስታሰፋ፣ በ2007 የዳሌ ስብራት መዝገብ ከፈተች። እያንዳንዱ ሆስፒታል ስንት ሰዓት እንዳስጠበቀ፣ ስንት ሰው እንደሞተበት ይመዘገብና ይታያል። በ2010 ደግሞ በሰዓቱ ለሠራ ሆስፒታል ተጨማሪ ክፍያ መስጠት ጀመረች። ከ2007 እስከ 2011 ባለው ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ከ10.9 በመቶ ወደ 8.5 በመቶ ወረዱ። ተአምረኛ መድኃኒት አልተገኘም። ሰዓት ተቆጠረ፣ ሰዎች አብረው ሠሩ፣ ውጤቱ ተገለጠ፤ በቃ።

ሕመም ማስታገሻ ላይም ሁለት ዓይነት ስሕተት አያለሁ። አንዱ «ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ይከብዳቸዋል» ብሎ ምንም አለመስጠት ነው። ሌላው የወጣት መጠን ሞርፊን ሰጥቶ ማፍዘዝ። ፓራሲታሞል በሰዓቱ፣ ሞርፊን በትንሽ በትንሹ፣ ለዳሌ ስብራት ደግሞ ብሽሽት አካባቢ የሚሰጥ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ። መርፌው ሕመሙን እዚያው ቦታ ላይ ስለሚያቆመው ሞርፊኑ ይቀንሳል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ሊማረው የሚችል ነገር ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን ግን እንደ ከረሜላ ማደል ይቅር፤ ኩላሊትም ጨጓራም ይጎዳሉ።

መደናገርን ደጋግሜ አንሥቻለሁ፤ ራሱን ችሎ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። ትናንት ቤታቸውን የሚመሩ፣ ሒሳብ የሚይዙ ሰው ዛሬ የት እንዳሉ ካላወቁ እርጅና አይደለም። እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። ሰውነታቸው ውስጥ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ሕመም፣ ኢንፌክሽን፣ የተያዘ ሽንት፣ ድርቀት፣ መድኃኒት፣ የኦክስጅን ማነስ ወይም የጭንቅላት ደም ሊሆን ይችላል። የሚጮኹትንና ጉሉኮስ የሚነቅሉትን ሁሉም ሰው ያያቸዋል። ዝም ብለው የሚተኙት ናቸው የሚረሱት። «ዛሬ አላስቸገሩም» ይባልላቸዋል። አራት ነጥብ ያለው ከ2 ደቂቃ በታች የሚፈጅ መለያ አለ። ንቃታቸው ይታያል፤ ዕድሜያቸውን፣ የተወለዱበትን ቀን፣ ያሉበትን ቦታና ዓመቱን ይጠየቃሉ፤ ወራትን ወደኋላ ይቆጥራሉ፤ ለውጡ ድንገት የመጣ መሆኑም አስታማሚው ይጠየቃል። መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን አድርገውላቸው ነው ታዲያ። መነጽር ከረጢት ውስጥ አስቀምጦ «አያዩም» ማለት ግፍ ነው። አስታማሚ ከጎናቸው እንዲቆይ መፍቀድ ደግሞ እጅና እግር ከማሰር ይሻላል። የሚያውቁት ድምፅ ያረጋጋቸዋል።

ለምን ወደቁ የሚለውን ጥያቄም በደንብ አንጠይቅም። «አዳለጣቸው» ይጻፍና ያበቃል። ከመውደቃቸው በፊት ዓይናቸው ጨልሞባቸው ነበር? ልባቸው ቆም ብሎ ነበር? ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሣ። ተኝተውና ቆመው ግፊታቸው ይለካ። ስኳር ይለካ። በቅርቡ የተጨመረ መድኃኒት ካለ ይታይ። ወለል ላይ ስንት ሰዓት ቆዩ የሚለውም ይጠየቅ። ብቻቸውን ወድቀው መነሣት አቅቷቸው ሰዓታት የቆዩ ሰው ጡንቻቸው ይጎዳል፣ ጉዳቱም ኩላሊት ጋ ይደርሳል፤ ይበርዳቸዋል፤ ይደርቃሉ። አጥንታቸው ባይሰበርም እንኳን በጠና ታመዋል።

አንድ የሚከብድ ጥያቄ ደግሞ አለ። ሰው ገፍቷቸው ይሆን? የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 60 ከሞላ ስድስት ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖርበት አካባቢ አንድ ዓይነት ጥቃት ይደርስበታል ይላል። የተነገረው ታሪክና ጉዳቱ ካልተገጣጠሙ፣ ክንዳቸው ውስጠኛው ክፍል ላይ ወይም አንገታቸው ላይ የቆየና አዲስ በለዝ ካለ፣ ለብቻቸው እንጠይቃቸው። አስታማሚው ውጭ ይጠብቅ። አብዛኛው አስታማሚ የሚወዳቸው ልጅ ነው። ለዚህም ሲባል ጥያቄው ለሁሉም በእኩል የሚቀርብ መደበኛ ሥራ ቢሆን ማንም አይከፋም።

«ዕድሜያቸው ነው፣ ብዙም ማድረግ አይቻልም» የሚለውን ንግግር ግን ከክፍላችን እንድታስወጡልኝ እለምናችኋለሁ። ዕድሜ ብቻውን ምንም አይወስንም። አንድ የሰማንያ አምስት ዓመት ሰው በእግራቸው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ፤ ሌላው የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ከአልጋ አይነሡም። በካናዳ የተዘጋጀ ከ1 እስከ 9 የሚቆጥር የአቅም መለኪያ አለ። የሚጠይቀው ሰውየው ከመታመማቸው በፊት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እንዴት ነበሩ የሚለውን ነው። ማን ያገግማል፣ ማን ይቸገራል ለማለት ከልደት ዘመን የተሻለ ይረዳል። ከባድ ውሳኔ ሲመጣ ደግሞ እሳቸውን ትተን ከልጆቻቸው ጋር ብቻ አንነጋገር። ራሳቸውን እንጠይቃቸው። ምን እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደሚፈሩ ያውቃሉ።

ወደ ቤት ሲሸኙም ሥራው አላለቀም። ከቁመት ልክ ወድቆ የተሰበረ አጥንት የሳሳ አጥንት ነው፤ ካልታከመ ሌላ ይሰበራል። በ2007 በታተመ ጥናት፣ ከዳሌ ኦፕራሲዮን በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለውን በዓመት አንዴ የሚሰጥ መርፌ የጀመሩ ሰዎች አዲስ ስብራታቸው በ35 በመቶ፣ ሞታቸው በ28 በመቶ ቀንሷል። ስብራቱን ጠግኖ አጥንቱን ሳያክሙ መሸኘት ግማሽ ሥራ ነው። ሚዛንና የእግር ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም መውደቅን ከአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል። የመሸኛ ወረቀቱ ላይ ፊዚዮቴራፒ ተብሎ ይጻፍ፤ ማን እንደሚያሠራቸውም ጭምር።

የምጠይቃችሁን በግልጽ ላስቀምጥ። የበሩ ቅጽ በዚህ ወር ይቀየር፤ ከ65 በላይ ለሆነ ሰው የግፊቱ ወሰን 110 ይሁን፣ የደም ማቅጠኛው ጥያቄም ከላይ ይጻፍ። ይህ ከአንድ ገጽ ወረቀት በላይ አያስወጣም። ዳሌው የተሰበረ ሰው ከበር እስከ ኦፕራሲዮን ስንት ሰዓት እንደቆየ ይመዘገብ፤ በየወሩም ለሠራተኛው ሁሉ ይነገር። የኦፕራሲዮን ተራ ሲሰረዝ ማን እንደሰረዘውና ለምን እንደሆነ ይጻፍ። ለሐኪሞቻችን የነርቭ ማደንዘዣ ሥልጠና ይመቻች። የአዛውንት ሐኪም በሌለበት ሆስፒታል ደግሞ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም በስሙ ተመድቦ በየቀኑ ከአጥንት ሐኪሞቹ ጋር አብሮ ይዙር።

ቅጹን ማዘጋጀት ጊዜ የሚወስድባችሁ ከሆነ፣ እኔና የፈረቃ ባልደረቦቼ ረቂቁን ጽፈን ለማምጣትና በራችን ላይ ለመሞከር ዝግጁ ነን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድንገተኛ ክፍል ነርስ